ሙሳፊር ከግቢያችን አትወጣም

ለዘሃራዬ፣

አላህ ቀብርሽን ያብራልሽ። ከተለየሽኝ ወዲህ የጦሳ ጉም በሆጤ ላይ ሁለተኛ ክረምቱን አወረደ። ለሙት ደብዳቤ አይጻፍም የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና ለማን እንደምጽፍ አውቃለሁ። ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን እወቂ፦ መንኮራኩርሽ ዛሬም ከግቢያችን ቆማለች።

ቤቱ እንደ ነበረ አይደለም። የጓሮው ኮክ ደርቋል። ልጃችን አብዱ ከኮምቦልቻ ተመልሶ ታችኛው ክፍል ገብቷል። ግቢውን ሲለካ ሰነበተና አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «አባ፣ ይህ ቆርቆሮ ይነሣና የሚከራይ ሰርቪስ እንሥራበት» አለኝ። ቆርቆሮ አለመሆኗን ነግሬ አረምሁት። «ስሟ ሙሳፊር ነው፤ መንገደኛ ማለት ነው። ማርስን ለሚረግጡ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ተጓዦች የታሰበች መንኮራኩር ናት። እናትህ ከሳይንስ መምህርነቷ በጡረታ ከተሰናበተች በኋላ፣ ከኮምቦልቻ ጋራዦች ብረት እየለቀመች፣ በጭነት መኪና የሐረጎን ዳገት እያስወጣች የሠራቻት ናት» አልሁት።

«አትበርማ!» አለኝ።

እንደማትበር አንቺም ታውቂ ነበር። የምትበረዋን የሚሠራ ልጅ በዚህች ውስጥ ተቀምጦ ይጀምር ትይ ነበር።

በለቅሶሽ ሰሞን ከኩታበር የመጡት ዘመዶችሽ የውሃ ሮቶ መስላቸው፣ ለውዱዕ ኢብሪቅ ይዘው ቧንቧዋን ፍለጋ ሲዞሯት ባየሽ! በዚያ ሐዘን መካከል ሳቄ አመለጠኝ። ደግሞስ ምን ተሳሳቱ? ድርብ ግድግዳዋ በውሃ ተሞልቶ ተጓዦቹን ከጠፈር ጨረር እንደሚጠብቅ የነገርሽኝ አንቺው አልነበርሽምን?

በበሩ ግን ተጣልተን ነበር። መቀርቀሪያውን ከውስጥ ብቻ ስታደርጊው፣ ውጭ የቀረው ሰው በምን ይከፍታል ብዬ ተሟገትሁሽ። «የሚሄድ ሰው በሩን ራሱ ይዝጋ፤ የቀረ ሰው አይዝጋበት» ብለሽ መዶሻሽን አነሣሽ።

አብዱ እምቢታዬን ባየ ጊዜ ሽማግሌ ላከብኝ። ልጅ ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ ይልካል፤ አባቱን ብረት ለማስሸጥ ሲልክ ግን በወሎ ምድር ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ከዕድራችን፣ ከቅሬው፣ ሦስት ሰዎች መጡ፤ ፊተኛው ሸህ ሰይድ፣ ኋለኛው ክርስቲያኑ ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ ነበሩ። አብዱ የጠራው ብረት ገዢ ቁራሌ ጋሪውን ይዞ ከደጅ ቆሟል። የቅሬ ሽማግሌ እምቢ አይባልም፤ አንቺን የቀበሩ እነርሱ ናቸው፣ እኔንም የሚቀብሩኝ እነርሱ ናቸው። ስለዚህ እምቢ አላልሁም። «ነገሩን እዚያው ሙሳፊር ውስጥ እንነጋገር» ብዬ አስገባኋቸው፤ በሦስቱ ወንበሮች አስቀመጥኋቸውና መቀርቀሪያውን ወረወርሁት።

«መምህር፣ ምን ነካዎት? ሽማግሌ ይታሰራል እንዴ?» አሉ ሸህ ሰይድ። አብዱ ከውጭ በሩን እየደበደበ፣ «አባ፣ ኧረ አያዋርዱን!» ይላል።

ያንቺን ሐሳብ ሳይሰሙ እንደማልከፍት ነገርኋቸው። የውሃውን ግድግዳ፣ የመኝታውን ስፍራ፣ የምግቡን ማኖሪያ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። በመጨረሻ ሸህ ሰይድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ እዚያ ማርስ ላይ ለሚሰግድ ሰው ቂብላው ወዴት ሊሆን ነው?» አሉኝ። አንቺ ቀድመሽ መልሰሽው ነበር። መስገጃውን ከትንሿ መስኮት ሥር ያደረግሽው መስኮቷ ሁልጊዜ ወደ ምድር እንድታይ አስበሽ ነው፤ ከዚያ ርቀት መካም ደሴም በአንዲት ብርሃን ውስጥ ናቸውና።

ሸህ ሰይድ ወለሉን በእጃቸው ዳሰሱት። የአሱር ሰላት ሰዓት ደርሶ ነበር። እርሳቸውና ሌላው ሙስሊም ሽማግሌ በተራ ሰገዱ፤ ጋሽ ወርቁ ጫማቸውን ይዘውላቸው ቆሙ። ከዚያ ሸህ ሰይድ በመስኮቷ አንገታቸውን አስግገው፣ «አብዱ፣ ጋሪውን መልስ! እናትህ ለሰላት ስፍራ ያበጀችበትን በእኛ አፍ አታስሸጥም» አሉት።

አብዱ አኩርፏል። ያኩርፍ። ከእኔ ሞት በኋላም ማንም እንዳይነካት ለቅሬው አደራ ሰጥቻለሁ። የሰፈሩ ወጣቶች ሳልፍ፣ «ፓይለቱ! መነሻው መቼ ነው?» ይሉኛል። «እናንተ ሰዓት ማክበር ስትጀምሩ» እላቸዋለሁ።

ዘሃራዬ፣ ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ ዝገቷን እየፋቅሁ ቀለሟን አድሳለሁ። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ውስጧ ገብቼ ከወንበርሽ አጠገብ ተቀምጬ ስምሽን በዱዓ እጠራለሁ። «ሞታለች፣ አሁንስ ይብቃህ» የሚለኝ አይጠፋም፤ አልሰማውም። አንቺ በርሽን ራስሽ ዘግተሽ ሄደሻል፤ በዚህ ከእንግዲህ አልከራከርሽም። የቀረሁት ግን እኔ ነኝ፤ የቀረ ሰው በሄደው ላይ በር እንደማይዘጋም ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

አልዘጋሁትም። አልዘጋውም።

ባለቤትሽ እንድሪስ
ደሴ፣ ሆጤ