ይቅርታው ያልገባበት ዲስክ

ይድረስ፦ ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠቅሰው፣ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ለሚሸጥልን ድርጅት፣ ለደንበኞች ድጋፍ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ፣ ለባልደረቦችዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ጤና ስል ለወጉ ያህል አይደለም፤ እጅዎ ከትከሻዎ፣ ጭንቅላትዎም ከአንገትዎ ጋር እንደተያያዘ ውሎ እንዲያድር ማለቴ ነው። ይህ ለሁሉም ሰው የማይሰጥ ጸጋ መሆኑን በቅርቡ ስለተረዳሁ፣ እርስዎ ባለዎት እንዲያመሰግኑ አደራ እላለሁ።

ደብዳቤዬን በአማርኛ የጻፍኩት ድርጅታችሁ ደንበኞቹን በብዙ ቋንቋ እንደሚያስተናግድ በድረ ገጻችሁ ስላነበብኩ ነው። አማርኛ እዚያ ውስጥ እንደሌለ አይቻለሁ፤ ግድ የለም። እኔ የእናንተን መልስ ጎረቤት እያስቸገርኩ እንዳነበብኩት፣ እናንተም የኔን የሚያነብላችሁ ሰው አታጡም። እንዳይጠፋባችሁም እዚህ ሙስካት የምንኖር ኢትዮጵያውያን በምንገናኝበት ገጽ ላይ ለጥፌላችኋለሁ።

እኔ በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የምሠራ ሰው ነኝ፤ በዕረፍቴ ቀን ደግሞ ሰርግና ኒካህ እቀርጻለሁ። የእናንተን ፕሮግራም የገዛሁት ለዚሁ ነው፤ ሙሽሮችን ሲያጨፍር ኖሯል፣ በዚያ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ስለ አንድ ዲስክ ብቻ ነው። ይህ ዲስክ የተሠራው ሰው እንዳይገደል ነበርና፣ ጉዳዩን ከመጀመሪያው እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ።

እዚሁ ሙስካት፣ ሩሰይል በሚባል ሰፈር በሚገኝ የእምነበረድ ፋብሪካ ድንጋይ የሚቆርጥ የሱፍ የሚባል የወሎ ወዳጅ አለኝ። ታላቅ ወንድሙን ሰይድን፣ ጣሂር የተባለ የአገራቸው ሰው በእርሻ ወሰን ተጣልቶ በገጀራ ገደለው። ጣሂር ታስሮ ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ። በእኛ አገር ግን ነገሩ በእስር ብቻ አያበቃም፤ የሟች ወንድም ደም መላሽ ነው፣ ገዳይም ደም መላሹ ይቅር እስኪለው ድረስ ኮሽታ በሰማ ቁጥር እየበረገገ ይኖራል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ደም ሊያደርቁ ቀን ቆረጡ። የሱፍን አሠሪው ፈቃድ ስለከለከለው መሄድ አልቻለም፤ ሽማግሌዎቹ ቃሉ በቪዲዮ ይምጣልን አሉ። በስልክ ሳይሆን በዲስክ ነው ያሉት። በአካባቢያቸው ኔትወርክ ከተቋረጠ ቆይቷል፤ ከዚያም በላይ ከዚህ ቀደም በስልክ የመጣ የአንድ ሰው ንግግር ተቆራርጦና ተቀጣጥሎ ሁለት መንደር አጋድሎ ነበር። ዲስክ ግን አይቆረጥም ብለው ያምናሉ። የትልቁ ሽማግሌ ቤትም አንድ አሮጌ ማጫወቻ አለ።

አንድ ልማድ ልጨምርልዎ፣ ያለ እሱ የሚሆነው አይገባዎትም። በደም ማድረቅ ሥርዓት ተበዳዩ ዝም ብሎ ይቅር አይልም። መጀመሪያ በደሉን ምንም ሳያስቀር፣ እየጮኸ፣ እየዛተ ያወጣዋል፤ በሆድ የቀረ ቂም ቆይቶ ያመረቅዛል ተብሎ ይታመናል። ይቅርታው የሚመጣው ያ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በዳዩ ደግሞ በዚህ ሁሉ ጊዜ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። ይቅር ሲባል ድንጋዩን ከላዩ ላይ የሚያነሳለት የሟች ዘመድ ነው።

ዓርብ ቀን ቀንጠብ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ወርደን ከዓለቱ ሥር ቀረጽን። የሱፍ ወንድሙን እንዴት እንዳገኘው፣ የተቆረጠ ክንዱን ከጭቃ ውስጥ እንዴት እንዳወጣ፣ ከሬሳው ጋር አብሮ እንዴት እንደገነዘው ተናገረ። ጣሂርን ቢያገኘው ጉሮሮውን በጥርሱ እንደሚበጥስ፣ ደሙን ለውሻ እንደሚያጠጣ ማለ። መረባቸውን ሲጠግኑ የነበሩ ዓሣ አጥማጆች ቋንቋውን ሳያውቁ ተነስተው ራቅ አሉ። እዚህ ላይ የካሜራዬ ባትሪ አለቀና የቀረውን ባለቤቴ ፌቨን በስልኳ ቀረጸችው። የሱፍ ብዙ አለቀሰ፤ ፊቱን በባሕሩ ውሃ ታጠበና እንዲህ አለ፦ «ኻላስ፣ በቃ። ኻላስ ብያለሁ፣ ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ። ጣሂር ከዛሬ ጀምሮ በሰይድ ቦታ ወንድሜ ነው፤ በእናቴ ደጅ ሲያልፍ አንገቱን አይድፋ። ድንጋዩን አንሱለት።»

እንግዲህ ለቅሬታዬ ተራ ቁጥር ልስጠው፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ቁጥር ይወዳል።

አንደኛ፦ ፕሮግራማችሁ ዲስክ ሲሠራ ካሜራው የቀረጸውን በሰላም ይቀበላል። ስልኩ የቀረጸው ጋ ሲደርስ ግን ጥቂት ያቃስትና ድርግም ብሎ ይዘጋል። እንደገና ቅረጸው እንዳይሉኝ፣ እንዲህ ያለ ይቅርታ ከሰው ሆድ ሁለት ጊዜ አይወጣም። ወዲያው አንዲት ጨዋ ሳጥን ብቅ ትልና «ፕሮግራሙ ባልተጠበቀ ሁኔታ ተዘግቷል። በተዘጋበት ሰዓት ምን እየሠሩ ነበር?» ብላ ትጠይቃለች፤ መልስ የሚጻፍበት ባዶ ቦታም አላት። መጀመሪያ ትሕትናዋ አስደስቶኝ ነበር። ኋላ ላይ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ የጻፍኩትን ግን የወላጅ እናትዎ ስም ስላለበት በሰው ፊት አልደግመውም።

ሁለተኛ፦ ስለ ምክራችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኮምፒውተሩን አጥፍተህ አብራ አላችሁኝ፤ አጥፍቼ አበራሁ። ፕሮግራሙን አውጥተህ መልሰህ ጫን አላችሁኝ፤ ጫንኩ። የሽፋኑን ሥዕልና የጀርባውን ሙዚቃ አንሳ አላችሁኝ፤ ሰው ስለ ወንድሙ ሬሳ በሚያወራበት ቪዲዮ ላይ ሙዚቃ አለመኖሩን ብነግራችሁም፣ ሙዚቃውን አንሳ የሚል መልስ ደግማችሁ ላካችሁልኝ። የሱፍ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያያል። በተዘጋ ቁጥር ጠረጴዛውን ይመታል። አንድ ቀን በሩን በጡጫው በሳው፤ አከራያችን መጥቶ «ኤሽ ሃዛ?» ብሎ ምን እንደሆነ ቢጠይቀን ኮምፒውተር ተበላሽቶ ነው አልነው። እኔም ብሆን ላፕቶፑን ሆቴል ወስጄ በትልቁ መተኮሻ ሥር ብጨፈልቀው ወይም ከቀንጠብ ገደል ባሽቀነጥረው ብዬ በብርቱ አስቤአለሁ። ላፕቶፑ ሲፈረካከስ የእርስዎን ፊት ነበር የማየው፤ ስለ ድፍረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፦ በፊርማው መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ፈገግታ የሚስል አንድ ባልደረባ አለዎት። እሱን በተለይ አመሰግናለሁ። «ለሁለት ክፈለውና በሁለት ዲስክ ላይ ገልብጠው፣ ችግርህ ይቃለላል» ብሎ የመከረኝ እሱ ነው። ከፈልኩት። የመጀመሪያው ግማሽ እንከን የለሽ ሆኖ ወጣ፤ የየሱፍ ድምፅ የጠራ፣ የባሕሩ ቀለም የሚያምር። ሁለተኛው ግማሽ እንደ ልማዱ ተዘጋ። በዚህ መሐል አሮጌው ሙስካት ውስጥ በሰው ቤት ትሠራ የነበረችው የየሱፍ ጎረቤት ቱርኪያ ኮንትራቷ አልቆ የምትበርበት ቀን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ የቆረጡት ቀንም እየቀረበ ነበር። የመጀመሪያውን ይዛ ትሂድ፣ ሁለተኛው በሚቀጥለው ተጓዥ ይደርሳል፣ ያ እስኪደርስም ይህ እንዳይታይ ትነግራቸዋለች ብለን ሰጠናት። ቱርኪያ ደሴ ስትደርስ መንገድ ተዘጋባት። ቀኑ እንዳያልፍ ብላ ዲስኩን በእግር ለሚያቋርጥ ነጋዴ ሰጠችው። ነጋዴው የአደራውን ዲስክ አደረሰ፣ የአደራውን ቃል ግን በመንገድ ጣለው። እኔ በበኩሌ ዲስኩ ላይ «1» ብዬ ጽፌበት ነበር፤ «1» ግን ለማያውቅ ሰው ሁለተኛ አለ አይልም።

ለአራተኛው ቁጥር መስጠት አልቻልኩም፤ እንዲሁ ልንገርዎ።

የሁለቱም ወገን ሰው ተሰበሰበ። ጣሂር ድንጋዩን ተሸክሞ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከከ። የሱፍ መናገር ጀመረ፤ ክንዱን፣ ጭቃውን፣ ግንዘቱን። ሰው ሁሉ አለቀሰ፣ ጣሂርም አለቀሰ ይላሉ። የሱፍ ጉሮሮውን በጥርሴ እበጥሰዋለሁ፣ ደሙን ለውሻ አጠጣዋለሁ አለ፤ ከዚያ ጥቁር ሆነ። ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። አንዱ ማጫወቻውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ጥቁር ነው። የተቆረጠ ቃል መሆኑን ማን ይጠርጥር፣ ዲስክ አይቆረጥማ! የየሱፍ አጎት ልጅ ማሂር ይህ የዘመዱ የመጨረሻ ቃል፣ ለእሱም ትእዛዝ መስሎት ተነሳ። ወደ ጣሂር ሄዶ ድንጋዩን ከጫንቃው ላይ በሁለት እጁ አነሳለት። ጣሂር ይቅር የተባለ መስሎት ቀና አለ። ማሂር በዚያው ድንጋይ ፊቱን መታው፤ ሲወድቅም እስኪያስጥሉት ድረስ መልሶ መላልሶ መታው። ለማስጣል የገቡት አንዱ የአንዱን እጅ ሰበረ፣ የሽማግሌው ሚስት ግንባሯ ተፈነከተ፣ ውጭም ጥይት ተተኮሰ። ጣሂር የተቀበረው ፊቱ ተሸፍኖ ነው፤ ለመገነዝ እንኳ የሚታይ ፊት አልነበረውም። ይህን ሁሉ የነገረችን ቱርኪያ ናት፣ መንገዱ ሲከፈት መንደሩ ገብታ ከሰማች በኋላ ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ ተመልሳ።

አሁን ደም መላሹ የጣሂር ወንድም ነው፤ ትእዛዙን ሰጠ ተብሎ የሚፈለገው ደግሞ የሱፍ። ይቅር ያለ ሰው ሆኖ ሳለ አገሩ መግባት አይችልም።

ክቡር ሆይ፣ የመጨረሻ መልሳችሁ ደርሶኛል፤ ጣሂር ከተቀበረ በኋላ ነው የደረሰኝ። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ ፕሮግራማችሁ ዲስክ ሲሠራ እንደሚያንቀው፣ ይህንንም ከድሮ ጀምሮ እንደምታውቁት፣ አስቀድሞ ቋሚ ፍጥነት ወዳለው ፋይል ቢለወጥ እንደሚበቃ በአጭሩ አስረድታችሁኛል። ቀለል ያለ ነገር ነው። እንዳላችሁት አደረግኩ፤ ሁለተኛው ዲስክ ምንም ሳያቃስት ወጣ፣ «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍም አሳየኝ። የሱፍ መጥቶ አየው። በዚህ ጊዜ ጠረጴዛ አልመታም። ራሱን «ድንጋዩን አንሱለት» ሲል ሰማና ተነስቶ ወጣ። እኔ ያን ቀን የፈራሁትን ያህል በሩን ሲበሳ አልፈራሁትም።

በዚህ አጋጣሚ ለፈጣን፣ ትሑትና አሳቢ አገልግሎታችሁ ያለኝን ምስጋና እየገለጽኩ፣ ባልደረባዎ ፈገግታውን መሳሉን እንዳያቋርጥ፣ እርስዎም የሚያነሱት ነገር ሁሉ በቦታው እንዲቀመጥ፣ የሚወዱት ሰው ሁሉ ፊቱ ተለይቶ እንዲቀበር እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የዘወትር ደንበኛዎ
ደሳለኝ፣ ከሩዊ፣ ሙስካት

ማስታወሻ፦ ያቺ ጨዋ ሳጥናችሁ ስትጠይቀኝ ስድብ ጽፌ ማለፌ ቆጭቶኛል፤ ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። ስለዚህ በትክክል ልመልስላት። ፕሮግራማችሁ በተዘጋበት ሰዓት አንድ ሰው የወንድሙን ገዳይ ይቅር እያለ ነበር።