ሁለት ጀሪካን እስከ ኅዳር

መስከረም 21

ውሃ መጣ።

ነስረዲን ሁለት ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ። በሬ ላይ አስቀመጠ። ላቡን በክንዱ ጠረገ።

"እስከ ኅዳር ነው" አለ። ሁልጊዜ የሚላት ናት።

"ቀስ በል፣ እንዳይፈስ" አልኩት።

"በእኛው ተከላካይ ጎል አሸንፋችሁ..."

"ጎል ጎል ነው።"

ሚስቴ እንዳለች ከውስጥ ሰማች። "አታፍርም? የሃምሳ ዓመት ሰው!" ሃምሳ አልሞላኝም። ሚስቴ ሆና ይኼን አታውቅም?

ውላችን ግልጽ ነው። ኮንዶሚኒየማችን ረቡዕና ቅዳሜ ውሃ ያገኛል፤ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ግን አይወጣም። ነስረዲን ሦስተኛ ነው፣ እኔ አራተኛ። እኔ መቅረዝ ኮሌጅ በማታ ተማርኩ፣ እሱ ሰገነት ኮሌጅ። ሁለቱም ሜክሲኮ ናቸው፣ ፊት ለፊት። በየዓመቱ የኅዳር የመጨረሻ እሑድ ሜዳ ተከራይተው ይጋጠማሉ። የተሸነፈው ደጋፊ እስከሚቀጥለው ግጥሚያ የአሸናፊውን ውሃ ይሸከማል። ከአምናው በፊት ሁለት ዓመት በተከታታይ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ያኔ "አታፍርም?" ያለው ማን ነበር? ማንም።

መስከረም 29

ከሥራ ስመለስ ነስረዲን ሱቅ ቆምኩ። የቧንቧ ዕቃ ነው የሚሸጠው። ቧንቧ ይሸጣል፣ ውሃ በጀሪካን ይሸከማል። ስቄበት አላውቅም... ዛሬ ሳቅሁ።

"ሰማህ?" አለኝ። "የኮሌጆቹ ባለቤቶች ሆቴል ተሰብስበዋል። አዲስ ሊግ ሊመሠረት ነው።"

"ያለውስ ምን ሆነ?"

"ያለው አሮጌ ነው አሉ።"

ያለው አራት ዓመቱ ነው።

ጥቅምት 4

ቴሌግራም ላይ ወጣ። "ፕሪሚየም የኮሌጆች ሊግ።" ስምንት ኮሌጅ። ሰገነት አለ። መቅረዝ... ከላይ ወደ ታች አነበብኩ። ከታች ወደ ላይም አነበብኩ። የለም።

ምክንያቱን ጽፈውታል። "የራሱ ሜዳ የሌለው ተቋም ከሊጉ ብራንድ ጋር አብሮ አይሄድም።"

መቅረዝ ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ፎቅ ያለ ኮሌጅ ነው። ከሥሩ ፋርማሲና ጫማ ቤት አለ። ሜዳውን የት ያስቀምጠው? ጣሪያ ላይ?

ሰገነትስ? ሰገነትም ባንክ ላይ የተቀመጠ ኮሌጅ ነው። ሜዳ የለውም። ግን የሜዳ ሥዕል አለው። በኮምፒውተር አሠርቶ መግቢያው ላይ ሰቅሎታል። ማታ ሄጄ አየሁት። ሣሩ እንደ ምንጣፍ ነው። ተመልካቹ ሞልቷል። ተመልካቾቹ ሁሉ ፈረንጆች ናቸው።

የእኛን ዲን፣ አቶ እንድርያስን፣ ደውዬ ጠየቅኩ። "እኛስ ሥዕል አጥተን ነው?"

"በጀት አልነበረንም" አለኝ።

ጥቅምት 5

ረቡዕ። ነስረዲን ጀሪካኖቹን ይዞ መጣ።

"እንኳን ደስ አለህ" አልኩት።

"ምኑ ነው ደስታው? ስማ... ኅዳር ላይ አንገናኝም ማለት ነው?"

"ከእኛ ጋርማ አትጫወቱም። ብራንድ ናችሁ።"

"እሺ፣ ይኼስ ጀሪካን?"

ሁለታችንም ጀሪካኖቹን አየናቸው።

"ውሉ እስከሚቀጥለው ግጥሚያ ነው" አልኩ።

"የሚቀጥለው ግጥሚያ የለም።"

"የለም።"

"እና እስክሞት ልሸከም?"

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ቀድሞ ያቆመው እሱ ነው።

ከሄደ በኋላ አሰብኩት። መቅረዝ ከእንግዲህ በሰገነት አይሸነፍም። አይጫወትማ! የመጨረሻው ውጤት አንድ ለዜሮ ነው፤ ማንም አይሽረውም። ከሊግ ተባርሮ ዘላለም አሸናፊ የሆነ ደጋፊ ከእኔ ሌላ አለ?

እንዳለች ግን ጀሪካኑን ራሷ ወደ ውስጥ አስገባች። አላየችኝም።

ጥቅምት 9

ሜክሲኮ ካፌ ውስጥ የቀሩት ኮሌጆች ተሰበሰቡ። ዲኖችና የደጋፊ ተወካዮች። አምስት ኮሌጅ። አቶ እንድርያስ ሰብሳቢ ሆነ። እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። እስክሪብቶ የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አቶ እንድርያስ ተነሥቶ ተናገረ። "መገለልን የቀመስን እኛ፣ ማንንም የማያገል ሊግ እንመሠርታለን!" ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ከልቤ።

የመጀመሪያው አጀንዳ ማኅተም ነበር። ማኅተም የሌለው ሊግ ማን ይሰማዋል? ተባለ። እውነት ነው። ግን ማኅተም ለማስቀረጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያስፈልጋል። የማንን ማኅተም? በዚህ ላይ ስንከራከር ካፌው ወንበሩን ማንሳት ጀመረ።

ኳስ የሚል ቃል አልተነሳም። ቃለ ጉባኤውን ስገለብጥ ነው ያስተዋልኩት።

ጥቅምት 12

ውሃ የለም።

ጥቅምት 19

ትናንት ማክሰኞ የነስረዲን ሰገነት በአዲሱ ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታውን ተጫወተ። አዳማ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ።

"ሄድክ?" አልኩት ዛሬ፣ ጀሪካኑን ሲያስቀምጥ።

"ሱቄን ዘግቼ? በማክሰኞ?"

"ታዲያ ማን አየው?"

"በስልክ አየሁት። ሙሌ፣ ሰው የለም። ወንበር ብቻ። ካሜራው ኳሱን ትቶ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው የሚያሳየው። አምስት ጎል ገባብን፤ ሁለቱን አላየሁም።"

"ፕሪሚየም ነው ዋናው" አልኩት።

ወገቡን ይዞ ወረደ። ወገቡን መቼ ጀመረው?

ጥቅምት 26

ዛሬ ደረጃው ላይ ጠበቅኩት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ መሃል ጀሪካኖቹን አስቀምጦ ግድግዳ ተደግፏል።

"ተወው፣ ነስሩ። በቃ። ውሉ ፈረሰ።"

"ማን አፈረሰው?"

"እኔ።"

"አንተ ማን ነህ? የማሸነፍ መብት እንጂ ይቅር የማለት መብት የለህም።"

"ሰው ይቅር ሲልህ..."

"ምን በድዬህ ነው ይቅር የምትለኝ? አሸንፌ እወርዳለሁ እንጂ በምሕረት አልወርድም።"

"በምን ታሸንፋለህ? ጨዋታ የለም!"

"እሱን እናንተን ያባረሩትን ጠይቅ።"

"ያስገቧችሁን ጠይቅ አንተ!"

ከሁለተኛ ፎቅ አንዲት ሴት በር ከፈተች፤ አየችን፤ መልሳ ዘጋች። ጀሪካኖቹን አንሥቶ ወጣ። እኔ ባዶ እጄን ከኋላ ተከተልኩ።

እውነቱን ልጻፍ? "ተወው" ስለው እንዳይተወው ፈርቼ ነበር ወይስ እንዳይሸከመው? ጀሪካኑ ከቀረ መቅረዝ አንድ ቀን አሸንፎ እንደነበር የሚያስታውስ ምን ይቀራል?

ኅዳር 4

ሁለተኛ ስብሰባ። ማኅተሙ በኮሌጃችን ደብዳቤ እንዲቀረጽ ተወሰነ። ቀጥሎ አቶ እንድርያስ፣ "መስፈርት ያስፈልገናል" አለ። "መስፈርት የሌለው ሊግ ዕድር ነው።"

ምን መስፈርት? ሜዳ የለንም። አዳራሽ የለንም። ጂም የለንም። ብዙ ታሰበ።

"አውቶቡስ!" አለ አንዱ። አዎ... አውቶቡስ። አራታችን አውቶቡስ አለን። የእኛ ጎማ የለውም፣ ግን አለ። አምስተኛው እፎይታ የጤና ኮሌጅ ነው። እፎይታ አውቶቡስ የለውም።

ተወካያቸው ቃለሕይወት የሚባል ወጣት ነው። "አምቡላንስ አለን" አለ።

"አምቡላንስ አውቶቡስ አይደለም" አለ አቶ እንድርያስ።

"ሰው ይጭናል።"

"አስተኝቶ ነው የሚጭነው። የሊጉን ገጽታ ያበላሻል።"

ቃለሕይወት ወደ እኔ ዞረ። "ጋሽ ሙለታ፣ 'ሜዳ የላችሁም' የተባላችሁ ቀን እርስዎ ምን ነበር ያሉት?"

ምን ነበር ያልኩት? ብዙ ብያለሁ። ግማሹ አይጻፍም።

"እጅ" ሲባል ግን አወጣሁ። ቃለ ጉባኤ ይዤ ስለነበር ግራ እጄን ነው ያወጣሁት። ቢሆንም ተቆጠረ። አራት ለአንድ።

ቃለሕይወት የሻዩን ከፈለ። የሁላችንንም። ከዚያ ሄደ።

ኅዳር 10

የነስረዲን ሚስት ሰሚራ ወጣች። ደረጃ ላይ ሰላም እንባባላለን እንጂ ቤቴ መጥታ አታውቅም። ወንበር ብታቀርብላትም አልተቀመጠችም።

"ሙለታ፣ ወንድሜ ብዬ ነው። ማታ ማታ ወገቡን ሳሸው ነው የማድረው።"

"ተወው ብዬዋለሁ።"

"ለእሱ 'ተወው' አይባልም። አንተ ታውቀው የለ? ለምን ቀድመህ አትቀዳም?"

ለምን አላሰብኩትም? እንዳለች ከጓዳ፣ "እኔ ካሰብኩት ወሩ ነው" አለች።

ኅዳር 13

ቅዳሜ። ጠዋት ነስረዲን ለሱቁ ዕቃ ሊያወርድ ሲሄድ ወረድኩ። ሁለቱን ጀሪካን ቀድቼ አወጣሁ። በሬ ላይ አቆምኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጊዜ አረፍኩ። አራተኛ ላይ ብዙ ጊዜ።

ነስረዲን መጣ። ሙሉውን ጀሪካን አየ። እኔን አየ።

"ማን ቀዳው?"



ክዳኑን ከፈተ። አነሳው። በረንዳው የፍሳሽ ማስወገጃ ላይ ደፋው። ውሃ! ልደታ ውስጥ፣ በቅዳሜ፣ ሃያ ሊትር ውሃ! ሁለተኛውንም ደፋው። ከየፎቁ ሰው ወጣ። አንዲት ሴት "ኧረ በማርያም!" ብላ ባልዲ ይዛ ከታች ሮጠች፤ ግማሹን ደረሰችበት።

ባዶዎቹን ይዞ ወረደ። ሰልፍ ያዘ። ሞልቶ አመጣ። አስቀመጠ።

"እስከ ኅዳር ነው" አላለም።

ሰው ውሃ ይደፋል? ከዛሬ ጀምሮ አላናግረውም።

ኅዳር 28

የመጨረሻው እሑድ። ጨዋታ እንደሌለ አውቃለሁ። ሻርፔን አድርጌ ወጣሁ። ታክሲ ያዝኩ። ለምን? እግሬ ለምዶት ነው።

ሜዳው በር ላይ ነስረዲን ቆሟል። የሰገነትን ማሊያ ለብሷል። ውስጥ የመንጃ ፈቃድ ተለማማጆች በጎማ መሃል ወደ ኋላ ይነዳሉ። አንዱ ጎማውን ገጨ። ሁለታችንም "ኦፍሳይድ!" አልን፤ እኩል ወጣችን። አልተያየንም።

በአንድ ታክሲ ተመለስን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ታኅሣሥ 4

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ሁለት ጀሪካን ሦስተኛ ፎቅ ያወጣ እጅ ሌላ ምን ያደርጋል? የነስረዲን በር ላይ አስቀመጥኩና "እስከ ኅዳር ነው" አልኩ። "ቀስ በል፣ እንዳይፈስ" አለኝ። አራት ለሦስት ነው የተሸነፍኩት። ሆን ብሎ ሳተ የሚል ካለ መጥቶ ጫማዬን ይመልከት።

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጠዋት ሜክሲኮ ማኅተም ቤት ሄድኩ። ኮሚቴው ነው የላከኝ። ልጅቷ መቅዲ ትባላለች፤ ደብዳቤውን ወስዳ ኮምፒውተሯ ላይ መጻፍ ጀመረች።

"'የተመረጡ ኮሌጆች ሊግ።' ማን ነው የመረጣቸው፣ ጋሼ?"

"እኛው።"

"ከእነማን መሃል?"

"ከእኛው።"

አልሳቀችም። ጻፈችው። "ክብ ይሁን ሞላላ?"

ይኼን ኮሚቴው አልወሰነም። አቶ እንድርያስን ልደውልለት ስል ስልኬ ጮኸ። እንዳለች።

"የት ነህ?"

"ማኅተም ቤት።"

"ውሃ መጥቷል።"

"ነስረዲን ወጣ?"

"አልወጣም። ጀሪካኖቻችንን ሞልቶ ግቢው መሃል አቁሟቸዋል። አራርቆ።"

"ምን ሊያደርግ?"

"ጎል ናቸው። ከልጆቹ ኳስ ተውሷል። ፔናልቲ፣ አምስት አምስት ይላል። መቅረዝና ሰገነት እዚሁ ይለይላቸዋል ይላል።"

"ወገቡስ?"

"ሰሚራ በነጠላ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች። ማሊያው ከነጠላው በላይ አልወርድ ብሎታል።"

"ዳኛው ማነው?"

"እኔ።"

"አንቺ? ከመቼ ወዲህ..."

"ገለልተኛ ነኝ። ሁለታችሁም አስጠልታችሁኛል። ስማ፣ ሙለታ ካልመጣ በፎርፌ አሸንፌያለሁ እያለ ነው። ግቢው ሞልቷል። ሰው ወንበር እያወጣ ነው።"

"ፎርፌ የለም በይው!"

ጮኬ ኖሯል። ማኅተም ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞሩ። ጫማዬን አየሁ። የቢሮ ጫማ። ሶሉ ልሙጥ ነው።

"ጋሼ" አለች መቅዲ፣ ጣቷን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ። "ክብ ነው ሞላላ?"

ደብዳቤው እጇ ላይ ነበር። ተውኩላት።

"ጋሼ! ማኅተሙስ?"

ወጣሁ።