በካምሼል ጀርባ ላይ ያለውን ሕይወት ያጠኑት የዶክተር ተናኘ እንዳሻው የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ተናኘ እንዳሻው፣ በክርስትና ስማቸው ወለተ ማርያም፣ ከአባታቸው ከአቶ እንዳሻው ገነነ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቆንጂት አበጋዝ በጥር ወር 1958 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበሩ። ከቤቱ ልጆች ሁሉ ሐይቁ ዳር እንዳይሄዱ ቁጣ የሚደርስባቸው ተናኘ ብቻ ነበሩ፤ የሚሄዱት እሳቸው ብቻ ነበሩና።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው ከተማ አጠናቀው በ1980 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመረቁ። ሐዋሳ ላይ በመምህርነት ካገለገሉ በኋላ በ1988 ዓ.ም. ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ኦስሎ መጡ። በከተማዋ መሃል፣ በሴንትሩም፣ ቢሮ እያጸዱ ተምረው የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያዙ። በ1991 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሹፌሩ ከአቶ ጌቱ ዘለቀ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ፤ በሊንደበርግ ሰፈር ጎጆ ወጥተው ሩቲንና ኖኤልን አፈሩ።

ካምሼል ኖርዌጂያኖች በቅቤ ጠብሰው የሚበሉት፣ ቅርፊቱ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ የባሕር እንስሳ ነው። ሌላው ሰው ሥጋውን ሲፈልግ ዶክተር ተናኘ የሚፈልጉት በጀርባው ላይ ተጣብቀው የሚኖሩትን ነበር፤ ሰፍነጎችን፣ ኖራ የመሰለ ቱቦ ሠርተው በውስጡ የሚያድሩ ትሎችን፣ ጠጠር የሚመስሉ ደቃቅ ፍጥረታትን። ሰፍነግ የለበሰውን ካምሼል ኮከብ ዓሣ እንደ ልቡ ጨብጦ መፈልቀቅ እንደሚቸግረው በዓይናቸው ለማየት በየዓመቱ ፊዮርድ ወደሚባለው፣ በተራሮች መካከል ወደ ገባው ባሕር ወለል ይጠልቁ ነበር።

ሩቲም የእናቷን መንገድ ያዘች። የጠላቂነት ፈቃዷን ባወጣችበት ሰሞን አቶ ጌቱ፣ «የአንቺን ለምጄዋለሁ፤ ልጅቱን ግን ተይልኝ» ብለው ነበር። ዶክተር ተናኘ፣ «እኔ አጠገቧ አይደለሁም እንዴ?» ብለው መለሱ።

የካቲት 2010 ዓ.ም. እናትና ልጅ ከባሕሩ ወለል ላይ ሳሉ የሩቲ መተንፈሻ በብርዱ ምክንያት ክፍቱን ቀርቶ አየሩ ይንዶለዶል ጀመር። ልጅቱ ደንግጣ ሽቅብ ልትወነጨፍ ስትል እናቷ ቀበቶዋን ጨምድደው ያዟት። የራሳቸውን ትርፍ መተንፈሻ አፏ ውስጥ ከተቱላትና ትንፋሿ እስኪረጋ ዓይን ዓይኗን እያዩ ቆዩ። ከዚያ በአንድ ሰው አየር ሁለት ሆነው መውጣት ጀመሩ። ጠላቂ ወደ ላይ ሲመለስ በመንገድ ላይ ቆም ብሎ ሰውነቱን ማሳረፍ አለበት፤ የቀረው አየር ግን ለዚያ አልበቃም። ሩቲ ምንም ሳትሆን ወጣች። ቀደም ብለው በዚያው ቀን አንድ ጊዜ ጠልቀው የነበሩት እናቷ ግን በደማቸው ውስጥ በተፈጠረ የአየር አረፋ ተጎዱ።

ጀልባው ላይ እንደተጋደሙ፣ «ግራ እግሬን ዘርጊልኝ» አሉ።

ሩቲ እያለቀሰች፣ «ዘርግቼዋለሁ እኮ፣ እማዬ» አለች።

በሄሊኮፕተር ሆስፒታል ደረሱ። አቶ ጌቱ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጥተው፣ «ልጄን ይዘሽብኝ ልትጠፊ ነበር» አሉና ወጡ። ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ከ«እራት ቀርቧል» ያለፈ ንግግር ሳይሰማ የበረዶው ወራት አለፈ። በጸደይ አንድ ቀን ዶክተር ተናኘ ያለ ምርኩዝ ደረጃውን ሊወርዱ ሲሞክሩ አቶ ጌቱ ከኋላ ደርሰው ክንዳቸውን ዘረጉ። «ያዢኝ» አሉ። ያዟቸው፤ እርቁም ያ ሆነ።

እሳቸው ከዚያ ወዲህ አልጠለቁም። ሩቲ ግን እንደገና ልጥለቅ አለች። ከቤተሰቡ ሁሉ ያልተቃወሙት ዶክተር ተናኘ ብቻ ነበሩ። ለታናሽ እህታቸው ለወይዘሮ ፍሬ፣ «አትሂጂ ብላት ትቀራለች። ስለዚህ አልላትም» አሏቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ ጀልባው ላይ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ከልጃቸው ትንፋሽ የሚወጣውን አረፋ ሲጠብቁ ኖሩ። አረፋው ከዓይናቸው በተሰወረ ቁጥር ከመቀመጫቸው ይነሱ ነበር። ሩቲ ያወጣቻቸውን ቅርፊቶች በአጉሊ መነጽር እየመረመሩ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ብዙ ተማሪዎችንም ለወግ ለማዕረግ አበቁ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ዓመት ያህል በሕክምና ታግለው ብዙ መከራ ካዩ በኋላ ሐኪሞቹ ወደ ቤታቸው ሸኟቸው። ባለፈው ጥቅምት ሩቲ ቅርፊት ልታወጣ ወደ ባሕር የምትሄድበት ቀን ደረሰ፤ ይመጣል ከተባለው ማዕበል በፊት ሌላ ቀን አልነበረም።

«ሄጄ ባልደርስብሽስ?» አለች።

«ሂጂ። እጠብቅሻለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ትንፋሻቸው ይቆራረጥ ጀመር። ኖኤል ደጋግሞ ደወለ፤ እህቱ ውኃ ውስጥ ነበረችና የሚያነሳ ጠፋ። አቶ ጌቱ ከመስኮቱ ወደ አልጋው፣ ከአልጋው ወደ መስኮቱ ይመላለሱ ነበር። ሲመሻሽ ሩቲ ጸጉሯ ገና በጨው ውኃ እንደረጠበ ገባችና እጃቸውን ያዘች። ዓይናቸውን ገልጠው፣ «እጅሽ በረዶ ሆኗል። በልተሻል?» አሏት።

ቀኑን ሙሉ እህል ያልቀመሰችው ሩቲ፣ «አዎ፣ እማዬ፣ በልቻለሁ» አለች።

በማግስቱ ንጋት ላይ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ዶክተር ተናኘ ባለቤታቸውን አቶ ጌቱ ዘለቀን፣ ልጆቻቸውን ሩቲንና ኖኤልን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ፍሬ እንዳሻውን፣ እንዲሁም በአርባ ምንጭና በኦስሎ የሚወዷቸውን ዘመድ ወዳጆች ትተው ሄደዋል።

የምሕረት ጌታ ነፍሳቸውን ተቀብሎ ከደጋጎቹ ማኅበር ይደምርልን። ለቀሩት ደግሞ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ተሰናብቶ ቤቱ ጭር ሲልባቸው፣ ያን ጊዜ ብርታቱን ይላክላቸው። አሜን።