ምርቃቴ ድምፅ ሆኖ ስለታተመበት ጉዳይ

ለተከበሩ አቶ ጊዲዮን ሠረቀብርሃን
የ«ፖቶማክ ማለዳ» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ
ሲልቨር ስፕሪንግ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተሰብዎስ፣ ባልደረቦችዎስ ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ተመስገን ነው። የምኖረው ዊተን፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ሊፍታችን ከቆመ አራት ወሩ ነው። የተከራዮች ሰብሳቢ ስለሆንኩ የሕንፃው ባለቤት እንዲያስጠግነው አቤቱታ የማስፈርመውም እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ለካውንቲው ምክር ቤት የሚወዳደረውን ይድነቃቸውን ይዘው ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተው ስለጎበኙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ስትነሱ «እማማ፣ እስቲ ይመርቁት» አሉኝ። ቤቴ የገባ እንግዳ ሳልመርቅ ሸኝቼ ስለማላውቅ «ያሰብከው ይሙላልህ» አልኩት። ለፖስተኛውም የምለው ይህንኑ ነው።

ቅር ያሰኙኝን በትሕትና ልዘርዝር፦

፩. በማግስቱ ፎቶዬን ፊት ገጽ ላይ አውጥተው «የተከራዮች ሰብሳቢ ከይድነቃቸው ጎን ቆሙ» ብለው ምርቃቴን የድጋፍ ድምፅ አድርገው አትመዋል። ጎኑ መቆሜ እውነት ነው፤ ሳሎኔ ጠባብ ነው።

፪. የእጩው ዋና ደጋፊ የሕንፃችን ባለቤት መሆኑን ለመጻፍ ቦታ አጥሮዎት ይሆናል። ፎቶዬ ገጹን ስላጣበበ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫. ጎረቤቴ አቶ ንጉሡ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ይሄዳሉ። ደረጃውን ሲወርዱ ቦርሳቸውን ይዤ ከፊት ከፊት የምወርደው እኔ ነበርኩ። ጋዜጣዎን ካዩ ወዲህ በር አይከፍቱልኝም፤ ብቻቸውን ግድግዳ ተደግፈው ሲወርዱ በበሬ ቀዳዳ አያቸዋለሁ። ሌሎቹም ለባለቤቱ ሸጠችን ብለው ፊርማቸውን ከአቤቱታው እንድሰርዝ ጠይቀውኛል። ይህ አሳፍሮኛል፤ አሳዝኖኛልም።

፬. ማስተካከያ እንዲያወጡ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ጸሐፊዎ ባህላችንን በማስተዋወቄ አመስግናኛለች።

ደክሞኛል፣ ክቡር ሆይ። በሰባ አንድ ዓመቴ በየበሩ ቆሜ ምርቃት ምን እንደሆነ ለአበሻ ማስረዳት አልችልም። የሰጠሁትን አልመልስም፤ ልጁን ይቅናው። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ አቶ ንጉሡ በራቸውን እንዲከፍቱልኝ የሚበቃ ሁለት መስመር እውነት ያትሙልኝ።

ለሃያ ዓመት አንባቢዎ የነበርኩ፣ አሁን ደግሞ ሳልጠየቅ ዜናዎ የሆንኩ፣
አክባሪዎ ተናኘወርቅ ወልደአምላክ

ማስታወሻ፦ የዚያን ዕለት በር ላይ እርስዎንም «እውነት የሚጽፍ እጅ ይስጥዎት» ብዬ መርቄዎት ነበር። እሱን አላተሙትም። ሳስበው ግን፣ አሜን ሲሉም አልሰማሁም።