ደንበኛ ፊት ያጠጣሁሽ ወተት

ዓይኔ ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ወተት ቤታችንም ቀለም ተቀብቶ ሙሽራ መስሏል።

ሆዴን ሲነፋኝ ከርሞ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። «ሆድዎን የሚነፋዎት ወተቱ ነው። የወተትን ስኳር የሚፈጭልን ነገር ከልጅነት በኋላ በብዙ ሰው አንጀት ውስጥ ይቀንሳል፤ በዘርም ይወረሳል። ለልጅዎም አውርሰው ይሆናል» አለኝ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንቺን በየጠዋቱ ደንበኛ ፊት አቁሜ ብርጭቆ ሙሉ አስጨልጥሽ አልነበር? «እማዬ፣ ሆዴን!» ስትዪኝ፣ «ዋጥ አድርጊው! የወተት ሻጭ ልጅ ወተት አመማት ቢባል ማን ይገዛኛል?» እልሽ ነበር። ከትምህርት ቤት ሆድሽን ይዘሽ ስትመለሺም ስንፍና ነው ብዬ ተቆጥቻለሁ።

አፈርኩ ልጄ፤ ይቅር በዪኝ። ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ቁርስሽ ምን እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ልመክርሽ አይደለም፣ ማወቅ ፈልጌ ነው።

እናትሽ