ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞርኩት ሥዕል

ሐሙስ፣ ጥር 14 ቀን
ከሱቃችን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን አለሽ? ጤናሽስ፣ ሥራሽስ፣ ያ ሲያስቸግርሽ የነበረው ጉልበትሽስ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እናትሽ ግን ከቅዳሜ ጀምሮ አኩርፋኛለች። ሳህን እንኳ የምታቀብለኝ ፊቷን አዙራ ነው። እውነቷን ነው። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ዛሬ ሳልሸሽ ልጨርሰው።

የከተማው ጋለሪ «ከየቤታችን ግድግዳ» የሚል ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ሰው ሁሉ ቤቱ የሰቀለውን ሥዕል ለአንድ ወር እንዲያውስ ተጠየቀ። የጋለሪው ኃላፊ፣ ያቺ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽር የምትፈልገው፣ ያረጁትን ፍሬሞች እንዳድስ ጠራችኝ። ግማሹን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ዘመድ ልጠይቅ የምሄድ ያህል ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ሊከፈት አምስት ቀን ሲቀረው፣ ጡረታ የወጣች አንዲት አዋላጅ ያመጣችው የአበባ ሥዕል መስታወቱ ተሰንጥቆ ደረሰ። ኃላፊዋ እጄ እስኪፈታ አልጠበቀችም፤ ጀርባውን ራሷ ከፈተችው። የጀርባውን ጣውላ ስታወጣ፣ ወደ ውስጥ በዞረው ፊቱ ላይ ሌላ ሥዕል አለ። አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ፣ ትንንሽ ምስማሮች በከንፈሩ ይዞ፣ መዶሻ አንስቷል።

ልጄ፣ ያንቺ ሥዕል ነው። ሰውየውም እኔ ነኝ።

ጣሪያው አላፈሰሰም። ሥዕሎችሽንም ውሃ አልነካቸውም። ትምህርትሽን ትተሽ «ሠዓሊ ነኝ» ብለሽ የሄድሽ ጊዜ ደሜ ፈልቶ ነበር። «ፍሬም ያበላል እንጂ ሥዕል አያበላም» ስልሽ ሳቅሽብኝ፤ ያ ሳቅ አንገበገበኝ። በስስ ጣውላ ላይ ስለሽ ሱቁ ጓዳ ያስቀመጥሻቸውን አሥራ አንድ ሥዕሎች አንድ በአንድ ለሰው ፍሬም የጀርባ ጣውላ አደረግኳቸው፤ ደንበኛ እንዳያይ ፊታቸውን ወደ ውስጥ እያዞርኩ። ልኩ ያልመጣልኝን በመጋዝ አሳጠርኩት። የኔው ምስል ያለበት ከታች ሁለት ጣት ያህል ተርፎ ነበር፤ ቆረጥኩት። ፊርማሽ እዚያ ላይ ነበር።

በዓመቱ «ሥዕሎቼን ላክልኝ» ስትይኝ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ጣሪያው አፍስሶ ውሃ ገብቶባቸው ተበላሹ፣ ጣልኳቸው» አልኩሽ። አንቺም «እንግዲህ አልተጻፈልኝም ማለት ነው» ብለሽ ተውሽው። ብሩሽ ከነካሽ ይኸው ስድስት ዓመት አለፈሽ። አሁን ጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስትመዘግቢ ትውያለሽ፤ እኔ ደግሞ ለሰው «ልጄ አደብ ገዛች» እያልኩ እኮራ ነበር።

ኃላፊዋ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ወሰደችው።

«ጋሼ፣ ማን እንደሳለው ያውቃሉ?»

«እኔ ምኑን አውቄ!»

«ሰውየው እኮ ቁርጥ እርስዎን ነው።»

«ምስማር በአፉ የያዘ ሰው ሁሉ ይመሳሰላል» አልኳት። እሷ ሳቀች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እሰማ ነበር፤ የኔው ከአበባ ጀርባ ወጣ። አዋላጇ መጥታ ስታየው «ከኔ አበባ ይሄ ይበልጣል፣ እሱ ይሰቀል» አለች። በገዛ እጄ ፍሬም ሠርቼለት በገዛ እጄ ሰቀልኩት። ከሥሩ «ሠዓሊው አልታወቀም» የሚል ካርድ ተለጠፈ። እሱንም የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ መክፈቻው ላይ ሰው እዚያ ፊት ተኮለኮለ። አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ «ይሄን የሳለው ሰው ሰውየውን በጣም ይወደዋል» ስትል ሰማኋት። ሥዕሉን ደህና አድርጌ ያየሁት ያኔ ነው። ስትስይኝ አጎንብሼ ነበር፣ ስቆርጠው ተናድጄ ነበር፤ ለካ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። እናትሽ ከጎኔ ቆማ ብዙ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ውሃ አበላሸው ያልከው ይሄን ነው?» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ባልጠላሁ።

ከሰኞ ጀምሮ የደንበኞቼን ደብተር ይዤ በየቤቱ አንኳኳለሁ። «ፍሬማችሁን በነፃ ላድስላችሁ» ስል «ሽማግሌው ምን ነካው?» ይላሉ። እስካሁን ሦስት አግኝቻለሁ። ድልድዩን የሳልሽበት አንድ ጥጉ የለም፤ ሁለቱ ግን ሙሉ ናቸው። ሰባት ይቀሩኛል። ጉልበቴ እስካለ እፈልጋቸዋለሁ።

ትናንት ኃላፊዋ ዘንድ ሄጄ ሁሉን ነገርኳት። «ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አሉ?» አለችኝ። «አፍሬ» አልኳት። አዋላጇም ሰምታ «የልጅቷ ነው፣ ሲዘጋ ይላክላት» ብላለች። ይቅር በይኝ። ስድስቱን ዓመት እንደማይመልስልሽ አውቃለሁ፤ ሌላ የምለው ግን የለኝም።

ኃላፊዋ አዲስ ካርድ ሰጥታኝ «የሠዓሊዋን ሙሉ ስም ይጻፉ» አለችኝ። ስምሽን ጻፍኩ። የአባት ስም ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ቆርጬ የጣልኩት ፊርማ አጠገብ የኔን ስም በምን ፊቴ ላስቀምጠው? ቦታውን ባዶ ተውኩት። «ይሄ ብቻ ነው?» ብትለኝ «የስሙን ባለቤት ልጠይቅ» አልኳት። ይጻፍ ካልሽ እጽፈዋለሁ። ይቅር ካልሽም፣ ካርዱ እንዲሁ ያምራል።

ፈጣሪ ያንን እጅሽን ይባርክልኝ፤ ከክፉ ዓይን፣ ከኔ ዓይነቱም ሰው ይሰውርልኝ።

ፍሬም ሠሪው