አባትሽ ያመሰገነው ሾርባ

ትራንግ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2567 ዓመተ ቡድሃ

ሩቅ ሆና ለምታዘኝ ልጄ ለኩንግ፣

እንዴት ነሽ? ኦሳካ ብርዱ ገብቷል አሉ፤ ካልሲሽን አድርጊ። እኛ ከባንኮክ በደህና ተመልሰናል። ወረቀት ያስጻፈኝ ስልኩን አባትሽ ስለሚጎረጉረው ነው። ፖስታ ቤት ቁጭ ብያለሁ።

ሐኪሙ የጉሮሮው ዕጢ አልተመለሰም ብሏል። ነገር ግን እንዲህ እየከሳ ከቀጠለ አልጋ ይይዛል ብሎ አስጠንቅቆናል። እሱ ደግሞ ያበሰልኩለትን ሁሉ ነካክቶ ይገፋዋል። ምን ላድርግ? አፉን ፈልቅቄ ላጉርሰው?

ይባስ ብለሽ አንቺ መላ አመጣሁ አልሽ። "የደቡባችንን ምግብ በዘመናዊ መንገድ የሚሠሩ ናቸው፣ የአባዬን የምግብ ፍላጎት ይከፍቱለታል" ብለሽ ያንን ምግብ ቤት ያዝሽልን። እሺ፣ ሄድን። ልጄ፣ ሰሃኑ ትሪ ያህላል፤ ምግቡ አውራ ጣቴን አያህልም! ወጡ መሐል ተቀምጦ እንደ ሰው እንዳንካፈል ለየብቻችን ነው የሚያቀርቡት፣ እንደተጣላ ባልና ሚስት። ከዓሣው ደህናዋን ቦታ ቆርሼ ሰሃኑ ላይ እንዳላኖርለት፣ ዓሣው ራሱ አንዲት ጉርሻ ነው።

አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ "እማማ፣ ይሄ ወጥ ሼፋችን ስለ ልጅነታቸው ባሕር ያላቸው ትዝታ ነው" ይለኛል።

"ትዝታውን ተወውና ጥሬ አትክልቱ የታለ?" አልኩት። እኛ ጋ የትኛው ቤት ነው ጥሬ አትክልት ሳያስቀምጥ ወጥ የሚያቀርበው?

"ተራው ሲደርስ ይመጣል እማማ።"

ተራው! ደግነቱ ባንኮክን ስለማውቃት ከጓሮዬ ኪያርና ሳቶ ባቄላ በቦርሳዬ ይዤ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። አጠገባችን የነበሩት ሴቶች በሳቶው ሽታ አፍንጫቸውን ያዙ። ይያዙ።

ያንጨረጨረኝ ግን አባትሽ ነው። "አቤት ጣዕም! ላማይ፣ እንዲህ ያለ ወጥ በልቼ አላውቅም!" እያለ ሰሃኑን ሁሉ ጠረገው። ዕድሜዬን ሙሉ ሳበስልለት "ጨው አነሰው" ከማለት በቀር ትንፍሽ ብሎ የማያውቅ ሰው!

"እንግዲያው እዚሁ ሚስት ፈልግ" አልኩት።

"አሁን ነገርሽን ትተሽ ፎቶ አንሺኝ። ኩንግ ስበላ ትየኝ።"

ያንን ፎቶ ነው አይተሽ በደስታ ያለቀስሽው።

ከፎቶው በኋላ ሽሪምፕ በልተን ስንጨርስ አስተናጋጁ የሎሚ ቅጠል የተንሳፈፈበት ለብ ያለ ውሃ በየፊታችን አስቀመጠ፣ እጃችንን እንድንታጠብበት። አባትሽ ጎድጓዳውን ሰሃን አንስቶ ጭልጥ አደረገውና "ይሄ ሾርባ ደግሞ ከሁሉም በለጠ!" አለ።

አስተናጋጁ ክው ብሎ ቀረ። እኔ ልስቅ ነበር፤ ሳየው ግን ዓይን ዓይኔን እያየ ነው፣ ጣፈጠኝ ማለቱን ማመኔን ለማረጋገጥ።

"ዊሩት፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃ እኮ ነው" አልኩት ቀስ ብዬ።

ሰሃኑን አስቀመጠ። "ለእኔ ሁሉም ያው ነው። የጨረር ሕክምናውን ከጨረስኩ ወዲህ ምንም አይጣፍጠኝም። ለልጅቷ እንዳትነግሪ፣ ይህን ወንበር ለማግኘት ስንት ደክማበታለች።"

ይኸው ነገርኩሽ። ይቆጣ።

ዛሬ ጠዋት ገንፎ ብጤ የሩዝ ሾርባ ሠራሁለት። ቀመሰና "እርጥብ ወረቀት" ብሎ ገፋው። አልተቀየምኩትም፤ እኔን ማታለል አይፈልግም ማለት ነው። ሐኪሙን ስጠይቅ ጣዕሙ ቀስ እያለ ይመለስ ይሆናል አለኝ፣ እስከዚያ ግን በግድም ቢሆን ይብላ ነው የሚለው። በእኔ ግድ አይበላም፣ ሞከርኩት።

ስለዚህ ሌላ ጠረጴዛ አትያዢልን። በኤፕሪል ለአዲስ ዓመታችን ለሶንግክራን እመጣለሁ ያልሽበትን ፈቃድ አሁን ጠይቂና ነዪ። አንቺ ፊት ለፊቱ ከተቀመጥሽ ይዋሻል፤ እየዋሸም ቢሆን ይበላል።

ቡድሃ በመንገድሽ ሁሉ ይጠብቅሽ፣ ደግ ሰው ይግጠምሽ፣ ሥራሽ ይቃናልሽ።

የምትወድሽ እናትሽ
ላማይ